አንድ ኮት ለሰፈሩ ሁሉ

ድሬዳዋ ላይ ኮት ያለው ሰው ብርቅ ነው። ምክንያቱን ከደጋ ለሚመጣ እንግዳ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከመኪና እንደወረደ ራሱ ገብቶት ያወልቃል። እኛ እዚሁ ተወልደን ያደግነው ደግሞ የሰው ልጅ ልብስ ሽርጥ ነው ብለን ነው የምናምነው። ሽርጥህን ታገለድማለህ፣ ነፋስ የሚያልፍበት በር ላይ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ቢጠራህ "ፀሐይዋ ትብረድና" ትላለህ።

ችግሩ፣ ኮት የግድ የሚሆንባቸው ቀኖች አሉ። ሽምግልና አለ፣ ኒካህ አለ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ማስታረቅ አለ። በእነዚህ ቀኖች ጀለቢያው ላይ ኮት ያልደረበ ሰው የቱንም ያህል ቢሸብት ሽማግሌ አይባልም። ያረጀ ሰው ነው የሚባለው። ስለዚህ በኛ ሰፈር በመጋላ አንድ ሰው ኮት ገዛ ማለት ለሰፈሩ ገዛ ማለት ነው።

የኔ ኮት ግራጫ ነው። ከገዛሁት ጀምሮ ሰፈሩ ውስጥ ያልዳረው ልጅ፣ ያላስታረቀው ጠበኛ የለም። እኔ ያልተጠራሁባቸው ሰርጎች ላይ ተገኝቷል። እኔ ረግጬው የማላውቀው አገር፣ ጅግጅጋ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። አንድ ቀን ለብሼው ስሄድ የማላውቀው ሰውዬ መንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝና ፊቴን ቀና ብሎ ሲያይ ደነገጠ። ለካ ሰላም ያለው ኮቱን ነው።

ከእነዚህ ጉዞዎቹ ባንዱ ገበሩ ተተልትሎ ተመለሰ። ባለቤቴ ዘሃራ ከአሮጌ ቀሚሷ ቆርጣ ጠገነችው፤ ቀይ ቀይ አበባ ያለበት፣ ሽቲ የምንለው ስስ የቀሚስ ጨርቅ ነው። ውጪውን ሲያዩት ዳኛ ይመስላል፣ ውስጡን ሲያዩት የጫጉላ ቤት መጋረጃ። "አሁን ይሄን ለብሼ እወጣለሁ?" ብላት፣ "ውስጡን ማን ያየዋል? ሽማግሌ ኮቱን ያወልቃል እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። የኛ አገር ሽማግሌ በሙቀት ይቀልጣል እንጂ ኮቱን አያወልቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ያለሱ የደረሰብኝ ነገር አይገባችሁም። በኛ ሰፈር ዕቃ ሲዋሱ "ለማን ነው?" ተብሎ አይጠየቅም። ነውር ነው። ሰው ቸገረኝ ካለ ብድግ አድርጎ መስጠት ነው እንጂ ማጣራት የለም። ስለዚህ ጎረቤቴ የወሰደችው ድስት ለሷ ይሁን ለእህቷ፣ ለእህቷ ጎረቤት ይሁን ለጎረቤቷ አማት አላውቅም። ድስቱ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ይመለሳል። አንዳንዴ ሌላ ድስት ሆኖ ይመለሳል። ቤታችን ያለው ፔርሙስ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አናውቅም። ባለቤቱ ይሄን ካነበበ ይምጣና ይውሰድ፤ ክዳኑ ብቻ የኛ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ። ልጄ ሂክማ አንድ ቀን ከስራ ገብታ እናቷን ወደ ጓዳ ጠራቻት። ቆይተው ሲወጡ ዘሃራ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጥርሷ ግን አልገጠመም። ነስሩ የሚባል፣ ከሂክማ ጋር አንድ ቦታ የሚሰራ ልጅ ሽማግሌ ሊልክብን ነው። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሰላምታ ሲሰጥ ስልኩን ኪሱ የሚከት ልጅ ነው፣ በዚህ ዘመን ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ሂክማ ደግሞ ስሙን ስትጠራ ድምጿ ይለወጣል። እኔ ቀፊራ ገበያ ቅመም ሻጭ ነኝ። በርበሬን አሽትቼ ብቻ ደረጃ የማወጣለት ሰው የልጄን ልብ እንዴት አጣዋለሁ። እንደምትወደው ገብቶኛል።

ደስታዬን ሳልጨርስ ዘሃራ "አባትየውም አብረው ይመጣሉ" አለችኝ።

ይሄ እንግዲህ ያልተለመደ ነው። አባት ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። አባትየው ደግሞ ሐጂ ሙክታር ናቸው፤ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ መንገዱን የሚጋርዱበት ጋ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖሩ። በሩቅ አውቃቸዋለሁ። ከበረንዳቸው ላይ ሆነው መንገደኛውን ሁሉ እጃቸውን አንስተው ሰላም የሚሉ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። "ልጄ የሚጋባበትን ቤት በዓይኔ ካላየሁ አልልክም" ብለዋል አሉ።

በዓይናቸው። ቤቴን። እኔም ዞር ብዬ ቤቴን በሳቸው ዓይን አየሁት። ባጃጅ የማይገባበት ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። ሶፋችን ስፕሪንጉ ወጥቶ እንግዳን በራሱ ጊዜ ያስነሳል። ምንጣፋችን መሃሉ ሳስቶ ሲሚንቶው ይታያል። ግድግዳችን ላይ ያለው ብቸኛ ጌጥ የአምናው የቀን መቁጠሪያ ነው፤ እሱም ያልተነሳው ከጀርባው ስንጥቅ ስላለ ነው።

ሂክማ አሳቤን ከፊቴ ላይ አነበበችው። "አባ፣ አደራህን ምንም ነገር እንዳትጨምር። እንዳለን ሆነን እንቀበላቸው" አለች።

"ሀዬ" አልኳት። ሀዬ በኛ አገር እሺ ማለት ነው። ምን እሺ እንዳሉ ማሰብ ግን አያስገድድም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ቤቱን አይተው ፊታቸውን ቢያጠቁሩና ነገሩ ቢቀር፣ ሂክማ ምንም አትለኝም። ዝም ብላ ወደ ስራዋ ትሄዳለች፣ ስትመለስ "አባ ደህና ዋልክ" ትለኛለች። እኔ ግን ያን ሶፋ ባየሁ ቁጥር የልጄን ትዳር የበላ ሶፋ ነው የማየው። ይሄን ነበር የፈራሁት።

ስለዚህ በመጀመሪያ ኮቴን ፍለጋ ወጣሁ። ቢያንስ እኔ ሰው ልምሰል። ኮቱን መጨረሻ የወሰደው አብዲ ነበር፣ ማዶ ቤት ያለው ባጃጅ ነጂ። አብዲ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ፣ ማንንም እምቢ ብሎ የማያውቅ፣ ስለዚህም ዕቃ እጁ ላይ ውሎ የማያድር ልጅ ነው።

"አብዲ፣ ኮቴ የት ነው?"

"አቦ ኮቱ ደህና ነው" አለኝ፣ ስለ ዘመድ እንደጠየቅሁት ሁሉ። "ለአንድ ጓደኛዬ ሰጥቼው ነበር። እሱ ደግሞ ለሆነ ሰው ሰጠው። መቼ ነው የምትፈልገው?"

"ጁምዓ። ከአስር ሰላት በኋላ" አልኩት፤ ዓርብ፣ ከከሰዓት በኋላው ስግደት ቀጥሎ ማለቴ ነው።

"በቃ አታስብ። ጁምዓ ከአስር በኋላ ኮቱ ቤትህ ይሆናል፣ ወላሂ።"

ለምን እንደፈለግሁት አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም። የማን ልጅ እንደሚጠይቀን ሽማግሌ አፉን ሳይከፍት አይወራም፤ ዓይን አለ፣ ምላስ አለ። ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰፈሩ ያውቃል፣ ያን መደበቅ አይቻልም፤ የኛ ግድግዳ ቀጭን ነው። ከየት ቤት እንደሚመጡ ግን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ቀጥዬ ኢዶ ሳህራ ቤት ሄድኩ። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የማንም አክስት ሳትሆን የሰፈሩ ሁሉ ኢዶ ናት። ጨርቅ ትነግዳለች። ስትራመድ ጠባቡ መንገዳችን ይሞላል፣ ስትናገር ይተርፋል። እኔ የሄድኩት ሻይ የምንጠጣባቸው ብርጭቆዎች ለመዋስ ብቻ ነው። በአላህ እላችኋለሁ ብርጭቆ ብቻ።

ብርጭቆ መዋስም ቢሆን ሥርዓት አለው። በቀጥታ አይገባበትም። ጤናዋን ጠየቅሁ፣ ልጆቿን ጠየቅሁ፣ ፍየሏን ጠየቅሁ፣ ስለ ሙቀቱ ተማረርን። ልክ "ብርጭቆ" ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ወላሎ" አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። "ሂክማ እኔ እጅ ላይ ነው ያደገችው። ያን ሶፋ ለእንግዳ ልታሳይ ነው?"

"እንግዲህ ያለን..."

"ሂድ ቤትህ። ሀዬ? ሂድና ሻሂህን ጠጣ።"

ሄድኩ። ሻዬን ግን አልጠጣሁም፤ የተቀመጥኩበት ሶፋ ከስሬ ተነሳ።

ኢዶ ሳህራ ከኋላዬ ነው የተከተለችኝ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስከትላ። ሶፋው በመጣበት በር አልወጣ አለ። ወደ ጎን ቢያዞሩት አልወጣ፣ ወደ ላይ ቢያቆሙት አልወጣ። አንዱ በኦሮምኛ "ወደ ቀኝ" ይላል፣ አንዱ በሶማሊኛ "ወደ ግራ" ይላል፣ ዘሃራ በአማርኛ "በሩን እንዳትነቅሉት" ትላለች። በመጨረሻ በሩን ነቀሉት። ሶፋው አጥር ለአጥር ከምንዋሰነው ከጋሽ ታደሰ ቤት ገባ።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ታሪክ ማስተማሩን ከተወ ወዲህ ኤሌክትሪክ እችላለሁ ብሎ ያምናል። ሶፋውን ተቀብሎ ዝም አላለም። ቬንትሌተሩን ተሸክሞ መጣ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የግድግዳ ሰዓቱን ይዞ መጣ። ሦስተኛ ሲመጣ ባለቤቱ ከኋላው ነበረች፣ "የጁምዓውን ሳምቡሳ ለኔ ተዉት፣ በምስር ነው የምሰራው" አለች። የነሱ ሥጋ ለኛ፣ የኛ ሥጋ ለነሱ አይሆንም፤ ምስር ግን ሃይማኖት የለውም። እኛ ሰፈር በምስር ሳምቡሳ ያልታለፈ በዓል የለም።

አብዲ ደግሞ የእናቱን ፍሪጅ በባጃጅ አመጣ። ፍሪጅ በባጃጅ ሲመጣ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። ፍሪጁ ኋላ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጦ፣ አንድ ሰው አቅፎት፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየው ነው የመጣው። ከመንገዱ መግቢያ እስከ ቤቴ በሸክም። ከነቲማቲሙ ነው የመጣው። "ቲማቲሙን ብሉት፣ በር ላይ ያለው መድኃኒት ግን የእማዬ ነው" አለኝ።

"አብዲ፣ ኮቴስ?"

"በመንገድ ላይ ነው አቦ።"

መጋረጃ መጣ። ትራሶች መጡ። ወርቃማ ዳር ያለው የሻይ ብርጭቆ መጣ፤ ምስኪኑ፣ ነገሩን ሁሉ ያስጀመረው እሱ ነበር፣ ሲመጣ ግን ማንም ልብ አላለውም። በመጨረሻ ኢዶ ሳህራ ምንጣፉን አስመጣች። ምንጣፍ ነው እንጂ እንዴት ያለ ምንጣፍ። ጥቁር ቀይ፣ ውፍረቱ እግር የሚውጥ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ። አንዱ ጥግ ላይ የካውያ ቃጠሎ አለው፤ ኢዶ ትራስ አስቀመጠችበትና አለቀ።

"ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

አየችኝ። ያን አስተያየት ደግማ እንድታየኝ አልፈልግም። "ከየት ነው ተብሎ ይጠየቃል? እህቴ አመጣችው። እህቴ ደግሞ ከጎረቤቷ አመጣችው። ጎረቤቷ ለማን ነው ብላ አልጠየቀችም። አንተ ነህ የምትጠይቀው?"

አፍሬ የምንጣፉን ዳር ማቃናት ያዝኩ።

ጁምዓ ከሰላት ተመልሼ ቤቴ ስገባ ይቅርታ ብዬ ልወጣ ነበር። የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ፍሪጁ ያንጎራጉራል፣ ሰዓቱ ይመታል። ሂክማ ከመሃል ቆማ እጇን አጣምራ ታየኛለች። "ሀዬ ብለኸኝ ነበር" አለች።

"እኔ ብርጭቆ ብቻ ነው የጠየቅሁት" አልኳት። ልጄ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ግን ወደ ጓሮ ሄዳ ኢዶ ሳህራን አቅፋ ስታለቅስ አየሁ። የደስታም ይሁን የፍርሃት አልጠየቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ሊገቡ ሲሉ ኢዶ ሰፈሩን በሙሉ ወደ ጓሮ ነዳችው። "እንሂድ" ያለ አልነበረም። ፍሪጁን ያመጣ ሰው ፍሪጁ የሚሰራበትን ጉዳይ መጨረሻ ሳያይ አይሄድም። በጓሮው በር ስንጥቅ ስንት ዓይን እንደነበር አላህ ይወቅ። እኔ ጀለቢያዬን ለብሼ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አየዋለሁ። እንግዶቹን ሳይሆን ኮቴን ነው የምጠብቀው። አብዲ በስንጥቁ አውራ ጣቱን አወጣልኝ፤ በመንገድ ላይ ነው ማለቱ ነው።

ሐጂ ሙክታር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጠባቡን መንገድ ይዘው ብቅ አሉ። ነጭ ጀለቢያ፣ ላዩ ላይ ኮት። ሳያቸው በሆዴ ምን አልኩ መሰላችሁ፤ "የከዚራ ሰው ኮት እንዲህ ነው። ትከሻው ላይ አወዳደቁን እይ። የኔ ደግሞ ቢመጣም ከዚህ ጎን ምን ሊመስል ነው?" አልኩ። ቀናሁ። ወላሂ ቀናሁ።

ተቀመጡ። ድሬዎች አንቱታ አያውቁም ይባላል፣ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ለአማች ግን ከያለበት እንፈልገዋለን። አንቱ ተባባልን። ዝናብ መጥቶ የደቻቱ ወንዝ እንዳይሞላ ተመኘን፣ ባይመጣም ሙቀቱ እንደሚፈጀን ተስማማን። ከዚያ ወሬ አለቀ። ወሬ ሲያልቅ ሰው ሞኝ ነገር ይናገራል፣ እኔ ደግሞ ከሰው ቀድሜ ነው የምናገረው።

"ኮትዎ እንዴት ያምራል ሐጂ" አልኩ።

ሐጂ ኮሌታውን ነካ ነካ አደረጉት። "ሐጅ በሄድኩ ጊዜ... ከጂዳ ነው" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ አወረዱ። ለረጅም ጊዜ አዩት። "ምንጣፍዎም ያምራል።"

"ከጅቡቲ ነው ያስመጣሁት" አልኩ።

ማን ጠየቀኝ? ያምራል ነው የተባልኩት። አመሰግናለሁ ይበቃ ነበር። በጓሮው በኩል ኢዶ ሳህራ ስታስል ሰማሁ።

"ጅቡቲ ጥሩ ምንጣፍ አለ" አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጉሮሮውን ጠርጎ "እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ" ብሎ ሲጀምር መብራቱ ጠፋ። ፍሪጁ ዝም አለ፣ ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ ቆመ። ከጓሮ ጋሽ ታደሰ "እኔ አይደለሁም" ሲል ተሰማ። ሙቀቱ በር ላይ ይጠብቅ የነበረ ይመስል በአንዴ ገባ። መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ምንጣፉ ወፍራም ነው፣ ቤቱ ጠባብ ነው። ሽማግሌዎቹ እንኳ ደንቡን ረስተው ኮታቸውን አወለቁ። የሐጂ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ፣ ወረደ፣ ጢማቸው ውስጥ ገባ።

"ሐጂ፣ ኮቱን ያውልቁት። ቤትዎ ነው።"

"ግድ የለም።"

"ኧረ በአላህ፣ ይሞቅዎታል።"

"ለምጄዋለሁ" አሉ። ፊታቸው የበሰለ ቲማቲም ሆኗል። እኔም ሰው ቤቴ ውስጥ እንዳይሞትብኝ ፈርቼ ተነስቼ በእጄ ላወልቅላቸው ያዝኩት። ታገሉኝ። አማቼ ሊሆኑ ከመጡ ሰው ጋር በኮት ግብግብ ገጠምን። በመጨረሻ ሙቀቱ ለኔ አደላና አወለቁት። በጥንቃቄ አጥፈው፣ ውስጡን ወደ ውስጥ አድርገው ከጎናቸው አኖሩት። ኮቱ ግን ለጥንቃቄ ግድ አልነበረውም፤ አንዱ ዳሩ ተገለበጠ።

ቀይ ቀይ አበባ።

ኮቴን ለብሼው እንጂ ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ያልለየሁት። አብዲ አልዋሸኝም። ጁምዓ ከአስር በኋላ ኮቴ ቤቴ ገብቷል፣ በአማቼ ትከሻ ላይ ሆኖ።

በዚያው ቅጽበት ዘሃራ የሻይ ትሪ ይዛ ገባች። አበባውን አየችው። የገዛ ቀሚሷ ነው፣ እንዴት አታውቀው። ከነትሪው በሩ ላይ ቆመች። ሐጂም ወደ መስኮቱ ጠጋ ልበል ብለው ጥጉ ላይ ያለውን ትራስ አነሱ። ከስሩ የካውያው ቃጠሎ ወጣ። በጣታቸው ዳሰሱት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"ከጅቡቲ?" አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፣ ግን እሷም ላይ የሳቸው ምንጣፍ ተነጥፏል። በቃ አልኩ። ልጄ እንዳለን ሆነን እንቀበላቸው አለችኝ፣ እኔ የሰውዬውን ምንጣፍ ለሰውዬው ዋሸሁት። የሂክማ ነገር በኔ ምላስ ቀረ። ነስሩ ሲጠራ የሚለወጠው ድምጿ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ።

ዘሃራ ትሪውን አስቀመጠች። እሷ እንደኔ አይደለችም፣ እውነት አፏ ላይ ከመጣ አትመልሰውም። "ሐጂ፣ ይቅርታዎን። የኮትዎ ገበር የኔ ቀሚስ ነው" አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጓሮው ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ፣ እሱ የበለጠ ያስፈራል።

ሐጂ ሙክታር ኮቱን አዩት፣ አበባውን አዩት፣ ዘሃራን አዩዋት። "እህቴ" አሉ፣ "እኔም የተቀመጥኩት የሚስቴ ምንጣፍ ላይ ነው።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰው ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የጓሮው በር በሳቅ ተከፈተና አብዲ ከነስንጥቁ ወደ ውስጥ ወደቀ። ከኋላው ሰፈሩ ሁሉ ቆሟል። ኢዶ ሳህራ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች፤ የሷ ፊት ሲሸፈን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐጂ ሳቃቸውን ውጠው ወደኔ ዞሩ። "ዋርያ" አለኝ፣ በሶማሊኛ አንተ ሰው እንደማለት። አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ፣ እኔም ከዚህ በኋላ በአንተ ነው የማወራው። "ዋርያ፣ ስማኝ። ዛሬ ጠዋት ሳሎኔ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሚስቴን ምንጣፉስ ብላት 'የቸገረው ሰው ወሰደው' አለችኝ። ለማን ነው ስላት ተቆጣች። የኔን ኮት ደግሞ ለሰርግ ብሎ የወሰደው ሰው እስከ ዛሬ አልመለሰውም፤ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደዋል። ሰው ፊት ያለ ኮት ልቀርብ ነው ብዬ አንድ ወዳጄን ብለምነው ይሄን አመጣልኝ። የጂዳውን ነገር... አፌ ነው ያመጣው።"

"የኔም የጅቡቲው" አልኩ።

"ቤትህን ለማየት ነበር የመጣሁት" አለና ወደ ጓሮው በር አየ። ላብ ያጠመቀውን አብዲን፣ ሽቦ የያዘውን ጋሽ ታደሰን፣ የሳምቡሳውን ሳህን ያቀፈችውን የመምህሩን ሚስት፣ ኢዶን አየ። "ይሄ ሁሉ ሰው ቤቱን አራግፎ ያለበሰው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መጠየቅ የለብኝም። ልጄ እዚህ ቢጋባ ዕድለኛ ነው። ልጅህን ለልጄ ስጠኝ።"

እኔም ወደ ጓሮው ዞርኩ። እነዚህን ሰዎች ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቤ ኖረው እንደዚያ ቀን አይቻቸው አላውቅም ነበር። የአብዲ እናት መድኃኒቷ ያለበትን ፍሪጅ ነው የሰጠችኝ። ጋሽ ታደሰ በዚያ ሙቀት ቬንትሌተሩን ሰጥቶኝ በወረቀት ነው ሲያራግብ የከረመው። እኔ ደግሞ ድህነቴ እንዳይታይ ስሮጥ ነበር። ወደድኳቸው፣ አከበርኳቸውም፣ ሌላ የማሳምርበት ቃል የለኝም። ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ሽማግሌው ፈጥኖ እጁን ዘረጋና የማሰሪያውን ጸሎት፣ ፋቲሃን አስቀራ። አሚን ስንል መብራቱ መጣ። ከጓሮ እልልታ ቀለጠ፤ ለመብራቱ ይሁን ለሂክማ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ዕቃው የመጣበትን መንገድ ይዞ ለመመለስ ከመምጣቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ሰዓቱ ኢዶ ቤት ገባ፣ መጋረጃው ያልነበረበት መስኮት ላይ ተሰቀለ። ሶፋዬ አሁንም ጋሽ ታደሰ ቤት ነው። በሩን ድጋሚ መንቀል ስለሰለቸን፣ ሶፋዬ ላይ መቀመጥ ስፈልግ እሱ ቤት እሄዳለሁ። ስፕሪንጉን በሽቦ አስሮልኛል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚያስነሳኝ።

ሐጂ ያን ዕለት ሲሄድ ኮቱን ሊሰጠኝ ነበር። "ለኒካሁ ምን ልትለብስ ነው?" ብዬ እምቢ አልኩ። "አንተስ ምን ልትለብስ ነው?" አለኝ። ተያየን። ሁለት አባት፣ አንድ ሰርግ፣ አንድ ኮት።

ሂክማና ነስሩ ይኸው ተጋብተዋል፣ ደህና ናቸው። ባለፈው የሰርጉን አልበም ይዛ መጥታ አንድ በአንድ እያገላበጥን ስናይ "አባ" አለችኝ፣ "አንተና ሐጂ በአንድ ላይ የተነሳችሁት ለምን የለም?" እውነትም አንዱ ገጽ ላይ እኔ በግራጫ ኮት ቆሜያለሁ፣ በሚቀጥለው ገጽ ሐጂ በግራጫ ኮት ቆሟል። ካሜራው ወደ አንዳችን ሲዞር ሌላችን ከመጋረጃ ጀርባ በሸሚዝ እንጠብቅ ነበር።

ገልብጣ ገልብጣ ግን መጨረሻው ገጽ ላይ አገኘችው። እኔና ሐጂ ተቃቅፈን እንስቃለን፣ ሁለታችንም በሸሚዝ። ኮቱን የለበሰው መሃላችን የቆመው አብዲ ነው። በማግስቱ እሱም ሽማግሌ ሊልክ ነበርና፣ ለሽማግሌው ሳይሰጠው ራሱ ይለካው ብለን።